ፍራሼን ለብሶ ጋምቤላ የወረደው ቤዝ ጊታር

ከአዲስ አበባ ወደ ጋምቤላ ለመሄድ መጀመሪያ የሠራሁት ሥራ ፍራሼን መቅደድ ነበር። የምተኛበትን ስፖንጅ መሬት ላይ ዘርግቼ፣ ቤዝ ጊታሩን ላዩ ላይ አጋድሜ ዙሪያውን በከሰል አሰመርኩና ልክ በቅርጹ ቆርጬ አወጣሁት። ባለቤቴ ወርቅነሽ በር ላይ ቆማ ታየኛለች።

"ስትመለስ የት ልትተኛ ነው?" አለች።

"ጉድጓዱ ውስጥ።"

"እንግዲያስ ቶሎ ተመለስ፤ ጉድጓድስ አንተን መጠበቅ ከጀመረ ቆየ" አለችኝ። የአርባ ዓመት ትዳር እንዲህ ነው የሚያናግረው።

ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ። በወጣትነቴ በአንድ ኦርኬስትራ ውስጥ ቤዝ ስጫወት ኖርኩ። ቤዝ ተጫዋች ማለት በቡድኑ ፎቶግራፍ ላይ ጠርዝ ላይ ቆሞ ግማሽ ፊቱ የሚወጣው ሰው ነው። ጣቶቼ ሲደክሙ የሌሎችን ዕቃ ወደ መጠገን ዞርኩ። ጋምቤላ ያለች አንዲት የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ይህን ቤዝ በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ በገመድ አስረው በሰው እጅ ላኩልኝ። አብሮት ደብዳቤ ነበረ። የጻፈው ኦጁሉ የሚባለው ተጫዋቻቸው ነው። "ጊታሩ ባለፈው ዓመት በጸሎት መካከል ጮኸ" ይላል። "ሽማግሌዎቹ ተቆጡ። በምስጋናው እሑድ አንድ ጊዜ ብቻ እንሞክረው ብለዋል። ዳግመኛ ከጮኸ ዕቃ ቤት ይቆለፍበታል። አባባ፣ እባክህ እንዳይጮኽ አድርገው።"

የሚጮኽበትን ምክንያት አገኘሁት። ከክሮቹ ሥር ፒክአፕ የሚሉት አለ። ማግኔት ነው፤ ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ሺህ ጊዜ ተጠምጥሞበታል። የክሩን መንቀጥቀጥ ተቀብሎ ለድምፅ ማጉያው የሚያቀብለው እሱ ነው። ሽቦው ከላላ ግን ራሱ መንቀጥቀጥ ይጀምርና ማጉያው የገዛ ድምፁን መልሶ እየሰማ እሪ ይላል። መድኃኒቱ ፒክአፑን በቀለጠ ሰም ነክሮ ሽቦውን ማርጋት ነው። በወርቅነሽ የስፌት መኪና አዲስ ሽቦ ጠመጠምኩ። ሁለቱን ማዞሪያዎች፣ ድምፅ የሚያበዛውንና ቃና የሚያወፍር የሚያቀጥነውን፣ አሮጌ ስለነበሩ ቀየርኳቸው። ወደ ሰሙ ስደርስ አነሰኝ። ለጫማዬ ማለስለሻ ካስቀመጥኩት የበግ ሞራ ጨምሬ አበዛሁት። ይህችን ነገር አንባቢ ልብ ይበላት፤ እኔ ልብ አላልኳትም።

ከዚያ ከስስ ጣውላ ሳጥን ሠራሁለት። ውስጡን በፍራሼ ስፖንጅ ሞላሁ፣ መጋጠሚያውን ዝናብ እንዳያስገባ በሬንጅ ደፈንኩ፣ ውጩን ለግርማ ሞገስ ጥቁር ቀለም ቀባሁት። ብልከው ይሰበራል ብዬ ራሴ ልወስደው ተነሣሁ። እውነቱን ከጠየቃችሁኝ ግን ሌላ ነገር ነው የፈራሁት። ዓይኔ ከደከመ፣ እጄም መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ የሠራሁት ትልቅ ሥራ ይህ ነው። ትክክል መሆኑን በገዛ ጆሮዬ ሳልሰማ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር፤ ፍራሽ ቢኖረኝም።

ረቡዕ

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት አውቶቡስ ተራ ደረስኩ። ረዳቱ ሳጥኑን ጣራ ላይ ሊወረውር ሲል እጁ ላይ ተንጠለጠልኩ። በክርክርም በልመናም ከጎኔ አስቀመጥኩት። ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት ወደ ፊት ዘንበል ብላ "አባባ፣ መስኮቱን ለእሱ ሰጥተው እርስዎ መተላለፊያ ላይ?" አለች። አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ መስኮቱን ግን አልወሰድኩም።

ወደ ግቤ ስንወርድ ልቤም አብሮ ወረደ። በእያንዳንዱ ጉድጓድ ጆሮዬን ሳጥኑ ላይ እለጥፋለሁ። ውስጡ ኳ ቢል ምን ላደርግ እንደነበር አላውቅም። ቤቴ ከአልጋዬ እስከ መስኮቴ አራት እርምጃ ነው፤ ለእንዲህ ዓይነት ሰው ግቤ ብዙ ነው።

ጅማ ያደርኩበት ቤት አልጋው አንድ ነው። ሳጥኑን አልጋው ላይ አጋደምኩና እኔ ወንበር ላይ ኩርምት አልኩ። የቤቱ እመቤት ውኃ ልታቀብለኝ ገብታ አየችኝ። ወጥታ ከራሷ ክፍል ፍራሽ ጎትታ አመጣችና መሬት ላይ አነጠፈችልኝ። በር ላይ ስትደርስ ዞር ብላ "እሳቸውስ ብርድ ልብስ ይጨመርላቸው?" አለችኝ።

ሐሙስ

በደሌን እንዳለፍን ዝናብ ያዘን። አዲስ አበባ ዝናብ ሲመጣ ደመናው ቀድሞ ይነግርሃል፤ እዚህ ጫካው ራሱ ነው የሚዘንበው። አውቶቡሱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ አልንቀሳቀስም አለ። ወንዶች ውረዱና ግፉ ተባለ። እኔ ወረድኩ፣ አልገፋሁም፤ ሳጥኔን አቅፌ ዛፍ ሥር ቆምኩ። አንድ የማላውቀው ጎልማሳ ጃንጥላ ይዞ መጣ። እኔን ሊያስጠልለኝ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። ጃንጥላውን ሳጥኑ ላይ ዘረጋና "ይህን ያህል ካቀፉት አንድ ነገር ቢኖረው ነው" ብሎ እሱም እኔም ስንበሰብስ ቆየን።

መቱ ስንገባ ሳጥኑን ከፍቼ ዳሰስኩት። ደረቅ ነው። ሬንጄንና ብልሃቴን አመሰገንኩ። እኔ እስከዚያች ሰዓት ድረስ የጊታሩ ጠላት ዝናብ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ዓርብ

ከመቱ ወደ ጋምቤላ የምትወርደው መኪና ትንሽ ነበረች፤ ሰዉ እንደ ጆንያ ተጠቅጥቋል። ሳጥኑ ጣራ ላይ ይውጣ ተባለ። ተከራከርኩ፣ ተሸነፍኩ። በገዛ እጄ በገመድ አሰርኩት። ቀና ስል ሰማዩ ጠርቷል፤ አንዲት ደመና የለችም። "ተመስገን፣ ዛሬስ አይዘንብም" አልኩ። አያችሁ ሞኝነቴን።

ጎሬን፣ ቡሬን አልፈን ቁልቁለቱ ሲጀምር መጀመሪያ ካፖርቴን አወለቅሁ። ቀጥሎ ኮቴን፣ ቀጥሎ ሹራቤን። ታች ስንደርስ እኔ በሸሚዝ ነበርኩ፤ የዳቦ ምድጃ በፊቴ የተከፈተ ያህል ይለበልበኛል። ከእኔ በላይ፣ ጣራው ላይ፣ በጥቁር ሳጥን ውስጥ፣ በስፖንጅ ተጠቅልሎ ያለው ጓደኛዬ ምን እንደሚሆን አንዴም አላሰብኩም።

ከከተማው በፊት ኬላ ላይ አስቆሙን። አንድ ወጣት ጠባቂ ረጅሙን ጥቁር ሳጥን አይቶ አስወረደው።

"ይህ ምንድን ነው፣ አባባ?"

"ጊታር።"

"ክፈተው።"

ከፈትኩት። ጎንበስ ብሎ በጣቱ ቆጠረ። ፊቱ ከበደ።

"ጊታር ስድስት ክር ነው። ወንድሜ አለው፣ አውቃለሁ። ሁለቱስ የት ገቡ?"

"ቤዝ ነው፣ ልጄ። ሲፈጠርም አራት ነው።"

"ለጋምቤላ ሲሆን ጎዶሎ ነው የምታመጡት?" አለና ወደ ጓደኞቹ ዞረ። "እኛ አሁን ክልል ነን። ሙሉውን አምጡ!"

ክልል ከሆኑ ገና ጥቂት ዓመታቸው ነበር፤ በልጁ ድምፅ ውስጥ አዲስነቱ ይሰማል። አለቃው እስኪጠራና አራት ክር መሆኑ የእኔ ጥፋት አለመሆኑን እስኪፈርድ ድረስ ሳጥኑ ተከፍቶ ፀሐይ ላይ ቆየ። እኔ ስለ ክር ብዛት ስከራከር ክሮቹ ሥር ያለውን አላየሁም።

የባሮን ድልድይ ተሻግረን ከተማ ገባን። ሰው ወንዙ ውስጥ ይታጠባል። በየቢሮው በር ላይ ቀለሙ ያልደረቀ የሚመስል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ኦጁሉ መኪናዋ ከምትቆምበት ቦታ ጠበቀኝ። ረጅም ቀጭን ሰው ነው፤ ከእነዚያ አዳዲስ ቢሮዎች በአንዱ ውስጥ ታይፕ ጸሐፊ ነው። "አንተ ነህ?" አለኝ። እዚያ አንቱታ ብዙ አይሰማም፤ አማርኛውን በሁለተኛነት የተማረው ሰው ሁሉን "አንተ" ይላል። እኔ ደግሞ አንተ በተባልኩ ቁጥር አምስት ዓመት የቀነሰልኝ ይመስለኛል። ሳጥኑን ከእጄ ሲወስድ እንደ ሕፃን ተቀበለው።

ቤቱ ስንደርስ ሚስቱ አርየት የተጠበሰ ዓሣና የበቆሎ ገንፎ አቀረበች። አዲስ አበባ ዓሣ የምበላው በጾም ነው፣ እሱም እንደ ቅጣት። እዚህ አንዱ ዓሣ ብቻ ሳህኑን አልፎ ወጥቷል። ገና ሁለተኛ ጉርሻዬን ስጎርስ ኦጁሉ ሳጥኑን ከፈተ። የበግ ጥብስ ሸተተኝ።

ፒክአፑ ዙሪያ የቀለጠ ስብ ፈሶ የፍራሼን ስፖንጅ አርሶታል። አርየት ጎንበስ ብላ በጣቷ ነካች፣ አሸተተች።

"ይህ በግ ነው" አለች።

"የማለስለሻ ዘይት ነው። የደጋ ዘይት" አልኩ። በዚህ ዕድሜዬ!

"የደጋ ዘይት በግ በግ ይሸታል" አለችና ወደ ምድጃዋ ተመለሰች።

መብራት የሚመጣው ማታ ለጥቂት ሰዓት ነው። እንደመጣ ማጉያውን ሰካን። ኦጁሉ ቤዙን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ገና ክሩን ሳይነካ ጊታሩ እሪ አለ። የጎረቤት ውሾች መለሱለት። ኦጁሉ ማጉያውን አጠፋና አየኝ።

"ማጉያው ነው" አልኩ። ገመዱን ቀየርን፤ ጮኸ። "ገመዱም አሮጌ ነው" አልኩ። በመጨረሻ አንድ ተንኮል ትዝ አለኝ። የቃናውን ማዞሪያ እስከ መጨረሻው ዘጋሁት። ጩኸቱ ጠፋ! "አየህ?" አልኩት። "ይህን ማዞሪያ ሁልጊዜ እንደተዘጋ ተወው።"

ኦጁሉ ተጫወተ። ድምፁ በብርድ ልብስ ታፍኖ እንደሚያጉረመርም ሰው ነው። ሁለት ጊዜ ደገመና እጁን አነሣ።

"አባባ፣ አሁን አይጮኽም" አለ። "ግን አይናገርም።"

ተነሥቶ ከግድግዳው ላይ አንዲት ትንሽ የእንጨት ሳጥን አወረደ፤ የብረት ምላሶች ተደርድረውባታል። ቶም ይሏታል። አባቱ ያስተማረው በእሷ ነው፤ በአውራ ጣት ነው የምትመታው። ጣቱ ብረቱን ሲለቅ ከድምፁ በፊት አንዲት ትንሽ ጠቅታ ትሰማለች። ቤዙንም በአውራ ጣቱ ነው የሚመታው።

"ሕዝቡ መዝሙር የሚጀምረው በዚህች ጠቅታ ነው" አለኝ። "እሷን ካልሰሙ አይነሡም። ማዞሪያው ሲዘጋ ግን እሷ ናት ቀድማ የምትጠፋው።"

ደህና እደር ብዬ ገብቼ ተኛሁ። አልተኛሁም። አንድ ጊዜ በተንኮሌ ልጽና እላለሁ፣ አንድ ጊዜ መኪና ተሳፍሬ ልሽሽ እላለሁ። እሱ ጊታሩን ሲቀበለኝ የዘረጋቸው ሁለት እጆች ፊቴ ላይ ናቸው።

ቅዳሜ

ጠዋት ከቁርስ በፊት ተናዘዝኩ። ሰሙን በሞራ ማብዛቴን፣ ሳጥኑን ጥቁር መቀባቴን፣ ማጉያውን ያለ ጥፋቱ መክሰሴን ሁሉ። ኦጁሉ ሳጥኑን ከፍቶ የረሰረሰውን ስፖንጅ ዳሰሰ። አርየት ግን "ትላንት አውቄአለሁ" አለች። "ሽማግሌ እስኪናገር ይጠበቃል ብዬ ነው።" ከዚህ የከበደ ቅጣት ደርሶብኝ አያውቅም።

"ንጹሕ ሰም ካለ ይድናል" አልኩ። ኦጁሉ እጄን ይዞ ወደ ገበያ ወሰደኝ፤ ሐጂ ሁሴን ሱቅ። ሐጂ ከወሎ የመጡ ነጋዴ ናቸው። የማጃንግ ሰዎች ከጫካ የሚያመጡትን ማር ያጣራሉ፤ ሰሙ ከጓዳቸው አይጠፋም። ታሪኬን ሲሰሙ ሁለት እጃቸውን አነሡ።

"ሞራ? ኧረ በአላህ! ሞራ ለጋምቤላ? እኔ የመጣሁ ዓመት ከአገሬ ቅቤ ጭኜ መጥቼ ሱቁ በሙሉ ፈሰሰብኝ። ድመት ሁሉ ተሰበሰበ።" ጎንበስ ብለው አንድ ጡብ የሚያህል ቢጫ ሰም አወጡ። "ይያዙ። የደጋ ሰው ሁሉ እዚህ አንድ ጊዜ ይቀልጣል። አንቱ ዘገዩ እንጂ አዲስ ነገር አላደረጉም። ባለፈው ዓመት ያ ነገር ሲጮኽ እኔና ባለቤቴ የወፍጮ ሞተር ፈነዳ ብለን በር ዘግተናል። ያድኑትና ለእኛም ይትረፈን።"

መብራት ስለሌለ መበየጃዬ ጥቅም አልነበረውም። አንድ ወፍራም ሚስማር ከሰል ላይ አግለን የፒክአፑን ሁለት ሽቦዎች ከማዞሪያዎቹ ፈታን። አርየት ድስት ውኃ ጣደች፤ በውኃው ውስጥ ጣሳ፣ በጣሳው ውስጥ የሐጂ ሰም። እሳቱ ከበዛ የሽቦው ሽፋን ይላጣል፣ ካነሰ ሰሙ ውስጡ አይገባም። ፒክአፑን በክር አንጠልጥዬ ወደ ጣሳው ላወርደው ስል እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያቺ ከፀጉር የቀጠነች ሽቦ ከተበጠሰች ጋምቤላ ውስጥ ሌላ የለም፤ ነገ እሑድ ነው።

አርየት ከኋላዬ መጣችና አንጓዬን ጥርቅም አድርጋ ያዘችው። "እጅህን ለእኔ ተው" አለች። "አንተ ዓይንህን ብቻ አምጣ።" በእሷ እጅ፣ በእኔ ዓይን አወረድነው። ሰሙ ውስጥ ጥቃቅን አረፋ መውጣት ጀመረ፤ ከሽቦዎቹ መካከል አየሩ እየለቀቀ ነው። አረፋው እስኪያልቅ ሦስታችንም ትንፋሻችንን ይዘን ቆየን። አውጥተን ጥላ ሥር አቀዘቀዝነው። ሚስማሩን እንደገና አግለን ሽቦዎቹን አጣበቅን።

ማታ መብራት እንጠብቅና እንሞክር አልን። አንድ ሰዓት ሆነ፣ ሁለት ሰዓት ሆነ። የዚያን ቀን መብራት አልመጣም።

እሑድ

የቤተ ክርስቲያኑ ጄኔሬተር የሚነሣው ሰዓቱ ሲደርስ ብቻ ነው። ስለዚህ የእኔ ሥራ የሚፈተነው ሕዝብ ሁሉ ተቀምጦ፣ በአንድ ጊዜ ነው።

አቶ ኦባንግ የሚባሉት ሽማግሌ የገዛ በርጩማቸውን ይዘው ገቡ። "ዳግመኛ ከጮኸ ዕቃ ቤት" ያሉት እሳቸው ናቸው። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ከፊት ሲቀመጡ እሳቸው ሄደው ከድምፅ ማጉያው ጎን በርጩማቸውን አኖሩ። ከዚያ በጣታቸው ጠሩኝ።

"የሠራኸው አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"ና፣ እዚህ ተቀመጥ። ከጮኸ ሁለታችንም እኩል እንሰማለን።"

ተቀመጥኩ። ኦጁሉ ጊታሩን አንጠለጠለ። ጎንበስ ብሎ ሁለቱን ማዞሪያዎች እስከ ጥግ ከፈታቸው፤ የቃናውንም። እኔን አላየኝም። ሕዝቡ ለጸሎት ራሱን ደፋ። ባለፈው ዓመት የጮኸው በዚህች ቦታ ነው። የኦጁሉ እጅ ከክሮቹ ላይ ተነሥቷል፤ ማጉያው በርቷል። ጆሮዬ አጠገብ እሽ... የምትል ትንሽ ትንፋሽ ብቻ አለች። አቶ ኦባንግ ጆሯቸውን ማጉያው ላይ ለጥፈዋል። እኔ ጸሎት ውስጥ አልነበርኩም፤ እያንዳንዷን የሽቦ ዙር አንድ በአንድ እየቆጠርኩ "ያዥ፣ ያዥ" እላት ነበር። ጸሎቱ ረዘመ። ስለ ዝናብ ተጸለየ፣ ስለ ታመሙ ተጸለየ፣ ስለ አዲሱ ክልል ሹማምንት ተጸለየ። ሰሙ ያዘ።

ጸሎቱ ገና አላለቀም ነበር፤ ለካስ ጸሎተኛው ትንፋሽ ሊወስድ ነው ዝም ያለው። እኔ ያበቃ መሰለኝ።

"ተመስገን!!" ብዬ ጮኽኩ።

ከዳር እስከ ዳር ሰው ቀና አለ። ሕፃናት አለቀሱ። አቶ ኦባንግ ቀስ ብለው ጆሯቸውን ከማጉያው አነሡና ወደ እኔ ዞሩ። ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"የሚጮኸው ለካስ ይህኛው ነው" አሉ። "ዕቃ ቤት ይግባ?"

ሳቁ ገና ሳይበርድ የኦጁሉ አውራ ጣት ክሩን ለቀቀች። ያቺን ጠቅታ ሰማኋት፤ ከድምፁ በፊት፣ ጥርት ብላ። ሕዝቡም ሰማት። አንድም ሰው ሳይቀር ተነሣ።

ከአምልኮው በኋላ አቶ ኦባንግ ሳጥኑን አስመጡ። የሞራውን ነገር ከሐጂ ሱቅ የወጣ ሰው ሁሉ ስለሰማ እሳቸውም ሰምተዋል። "ዕቃ ቤቱ ቆርቆሮ ነው፣ ይቀልጣል" አሉ። "የእኔ ቤት ሣር ነው፣ ይቀዘቅዛል። ከእሑድ እስከ እሑድ እኔ ጋ ያድራል።" ኦጁሉ የሳጥኑን አንድ ጫፍ አነሣ፣ አቶ ኦባንግ ሌላውን። ሰኞ ጠዋት አቶ ኦባንግን ልሰናበት ስሄድ አርየት የሳጥኑን ጥቁር ግርማ ሞገስ በሙሉ ነጭ ኖራ ለቅልቃበት አገኘሁት።

ስመለስ ሦስቱንም ቀን እጄ ባዶ ነበር። መኪናዋ ጉድጓድ በገባች ቁጥር ጆሮዬን ከጎኔ ወዳለው ሰው አዘነብላለሁ። ቤቴ ስደርስ ወርቅነሽ ፍራሹን እንደተውኩት አንጥፋ ጠበቀችኝ። በጉድጓዱ ውስጥ በጀርባዬ ተጋደምኩ፤ አንገቴ በጊታሩ አንገት ቦታ ልክ ገባ።

"ጮኸ?" አለች ከጎን።

"አልጮኸም።"

"አንተስ?"

አርባ ዓመት እኮ ነው።